መሠረቱ ሳይሞላ ይለካ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ያለፈቃድ በሚሠራ ግንባታ ሰበብ በጎረቤታሞች መካከል ስለሚነሣው የወሰን ክርክር ያወጣችሁት ጽሑፍ «መጀመሪያ ተነጋገሩ» ይላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ጊዜን ግን ዘንግቷል።

መሠረት እየተቆፈረና ገመድ እየተወጠረ ሳለ ክርክሩ የአንድ ችካል ነው። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ግን የማፍረሱ ወጪ ስለሚገዝፍ፣ ነገሩን የሚዳኘው ሰው ከማስፈረስ ይልቅ ካሳ ወደ ማስከፈል ሊያዘነብል ይችላል። እኔ ጎረቤቴን ላለማስቀየም ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ዛሬ የጣሪያው ክፈፍ አጥሬን አልፎ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃውን መስኮቴ ሥር ያወርዳል። «ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?» የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያመኛል።

ደግሞም ፈቃድና ወሰን አንድ አይደሉም። ፈቃድ የሌለው ሰው በገዛ ይዞታው ላይ እየገነባ ሊሆን ይችላል፤ ፈቃድ ያለውም ወሰን ሊገፋ ይችላል። የፈቃዱን ጉዳይ የሚያየው ግንባታ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው፤ ወሰኑ ካከራከረ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱን አደባልቆ አቤት የሚል ሰው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ግንቡ ያድጋል።

ስለዚህ ቁፋሮው በታየ ዕለት ቀኑ የተመዘገበ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ጎረቤትም በጽሑፍ ይነገረው። ሁለቱም የተስማሙበት ቀያሽ፣ ሁለቱም ባሉበት፣ የይዞታ ካርታውን ይዞ ይለካ። ጎረቤት እምቢ ካለ ሥራው እንዲታገድ ፍርድ ቤት ሳይዘገይ ይጠየቅ። ፈቃድ ሰጪዎችም መሠረት ከመሞላቱ በፊት አዋሳኞች በተገኙበት ችካሉ እንዲረጋገጥ ግዴታ ያድርጉ።

አንድ አንባቢ