ጥርሷን የጨረስኳት እኔ ነኝ

ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ዴንቨር ላይ እጅህ ስለገባችው፣ ጥርሷ ማለትም የፊት ማነጣጠሪያዋ ስለተሞረደው አሮጌ ጠመንጃ የጻፍክልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። መልስ ልጽፍ ስንት ጊዜ ተቀምጬ ተነሳሁ። ጊዜ አጥቼ አይደለም። ጡረታ የወጣ ሰው ምን ጊዜ ያጣል? አንዲት ዓረፍተ ነገርህ ናት እጄን የያዘችው። «የአባቴን ጠመንጃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ይህችን ደግሞ እንዳላበላሽ ሞረድ መያዝ ፈራሁ» ብለህ ጽፈህልኛል። እሷን እያነበብኩ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እመልሰዋለሁ።

ድሬ እንደምታውቃት ናት። ሙቀቱ ያው ነው። ከሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ለጥላ ነው። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው፤ የድሮው ጣቢያ ዝም ብሏል። ጋራዡ አጠገብ ሳልፍ አሁንም የማሽን ዘይት የሚሸተኝ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ትዝ ይልሃል አይደል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ ተነስተን በደንገጎ ዳገት ሐረር እንወጣ የነበረው? አባባ ቤልጅጓን ጠመንጃ ከአያትህ ነው የወረሷት። አናቷ ላይ አንበሳ የተመታባት ማውዘር። በየሳምንቱ ያወጧትና በጨርቅ ይወለውሏታል፤ መልሰው ያስቀምጧታል። ወደ ኤረር ሸለቆ ይዘውን የወረዱ ቀን እኔና አንተ 50 ሜትር ላይ ያቆምናትን ጣሳ ሦስቴ ሳትናት። ጥይቱ ሁሉ በላይዋ አለፈ። አባባ ሳቁና «እናንተ ናችሁ እንጂ እሷ አትስትም» አሉን።

እኛ ግን የጋራዥ ልጆች ነበርን። ሞርሳና ቶርኖ፣ ብረት መያዣውንና መቅረጫ ማሽኑን፣ እየተማርን ስለነበር የማናስተካክለው ብረት የለም ብለን አሰብን። ጥይቱ ወደ ላይ ከሄደ፣ አፈሙዙ ላይ ያለችው ጥርስ ረዝማለች ማለት ነው፣ ትሞረድ አልን። ጥርስ እያልን ነበር የምንጠራት፤ የፊት ማነጣጠሪያ የሚለውን ቃል ወታደር ቤት የገባው የአክስትህ ልጅ ነው ኋላ ያስተማረን። አንተ አስር ጊዜ ያህል ሞረድካት። በሚቀጥለው ሳምንት ስንተኩስ ጭራሽ ባሰባት። «በቃ፣ ሌላ አንነካትም» አልክ። ሞረዱንም ከእጄ ተቀበልከኝ።

የማታውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በነጋታው አንተ ለእናትህ ዕቃ ልትገዛ ፈረስ መጋላ ወረድክ። እኔ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ያልተስተካከለችው የሞረድካት ስላነሰ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አወጣኋትና ሞረድኳት። ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ አወረድኳት፤ ሹል የነበረው ጫፏ ደነዘ። ወደ ግራም የምትስት መስሎኝ በብረት መዶሻ ጎኗን መታኋት። ወልውዬ መለስኳት። ለማንም ቃል አልተነፈስኩም።

አባባ በዓሉን አሳልፈው ሲተኩሱ የሆነውን አብረን አይተናል። ጥርሷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። «ማን ነው?» አሉ። አንተ «እኔ ነኝ» አልክ። እኔ ከኋላህ የውሃ ጆግ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተን እሷን አላስነኩህም። አንተ የሞረድካት ቢለካ ከሩብ ሚሊ ሜትር አያልፍም ነበር። የጨረስኳት እኔ ነኝ። አባባ እስኪያርፉ ድረስ ልነግራቸው ስችል አልነገርኳቸውም። አንተም እስከዛሬ የእኔን ተሸክመሃል። ይቅር በለኝ።

አሁን ስለ አንተዋ ጠመንጃ። ከሀገር ቤት አሮጌ ግምጃ ቤት ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ዴንቨር ላይ አንተ እጅ መግባቷ ራሱ ይገርመኛል። ያኔ በጅቡቲ በኩል ገብታ ይሆናል፤ በዚህችው ሐዲድ ድሬ ላይ አልፋ ይሆናል። አንበሳዋ እንደ አባባዋ ናት ብለሃል። ጥርሷ እንደተሞረደችና ወደ ግራ እንደተገፋች ጽፈሃል። ከእኔ የከፋ እጅ አግኝቷት ነበር ማለት ነው።

ያኔ ያልገባን ነገር ይህ ነው። ከኋላ ያለው መመልከቻ ባለበት ቆሞ ጥርሷ ስታጥር፣ ጫፏን ከኋላው ጋር ለማስተካከል አፈሙዙን ወደ ላይ ታነሳለህ። አፈሙዙ ከተነሳ ጥይቱም ይነሳል። ስለዚህ ወደ ላይ ለምትስት ጠመንጃ የሚያስፈልጋት ረዘም ያለች ጥርስ ናት። ወደ ታች የምትስተው ናት የምትሞረደው። ግራና ቀኙም እንዲሁ ነው፦ ጥይቱ ወደ ሳተበት ወገን ጥርሷን ትገፋታለህ። ቀኝ ከመታች ወደ ቀኝ፣ ግራ ከመታች ወደ ግራ። የኋላው መመልከቻ ግን ተቃራኒ ነው። ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚያ ላይ ነው።

ሌላም ነበር። የአባባዋ ጠመንጃ ያኔ ምንም አልሆነችም ነበር። የድሮ የጦር ሜዳ ጠመንጃ ለጣሳ አልተሠራም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1898 ያወጡት ረጅሙ ማውዘር፣ መመልከቻው ኋላ ለሾጣጣው ጥይት ከተስተካከለ ወዲህ ከ400 ሜትር በታች አይወርድም ነበር። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቅርብ ላይ ወደ ላይ ቢመታ ጤነኛ ነው። አባባ «እናንተ ናችሁ» ያሉት እውነታቸውን ነው። የአንተንም መጀመሪያ የኋላውን መመልከቻ ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርደህ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሚል አንብብ። ሞሲን የምትባለውን የሩሲያ ጠመንጃ ደግሞ ያለ ሳንጃ ቢተኩሷት ሌላ ቦታ ትመታለች፤ የተስተካከለችው ሳንጃዋ እንደተሰካ ስለሆነ ነው። እንደዚህ ያለውን ሳያውቅ ስንቱ ጥርስ ሞርዷል መሰለህ።

መለካት ከመሞረድ በፊት ነው። ፈቃድ ባለው መተኮሻ ቦታህ፣ በርሜሉንና ጥይት ጎራሹን ባለሙያ አይቶልህ ከጨረሰ በኋላ፣ አስደግፈህ አምስት ጥይት ተኩስ። ጥይቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የአረሩ ክብደት ሲለወጥ የሚመታበት ከፍታም ይለወጣል። የአምስቱን መሃል ፈልግ። ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። የሳተበትን መጠን በሁለቱ መመልከቻዎች መካከል ባለው ርቀት አባዛ፣ ለዒላማው ርቀት አካፍል። ርቀቱ 500 ሚሊ ሜትር ቢሆንና 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ብትስት፣ ጥርሷ መለወጥ ያለባት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኔ ያኔ ያወረድኳት አንድ ሚሊ ሜትር 100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ሂሳብ የሠራሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ሠርቼ ስጨርስ እርሳሱን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

እንግሊዞች ይህን ስላወቁ ነው ለሊ ኤንፊልድ ቁጥር አራት ጠመንጃቸው ጥርስ በየቁመቱ የሠሩት። አንዷ ከሌላዋ የምትበልጠው በ0.38 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጠመንጃ ጠጋኙ ልክ ያለውን መርጦ ይገጥማል፤ ሞረድ አያነሳም። ይህ አሠራር ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የአንተዋ ጥርስ የተቀመጠችው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ባለ ሰርጥ ውስጥ ነው፤ በጎን ገብታ በጎን ትወጣለች። ጠመንጃዋ ባዶ መሆኗን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። መዝጊያዋን አውጥተህ ሌላ ክፍል አስቀምጠው። ሰርጡ ላይ ዘይት ጠብ አድርግና ሌሊቱን ይደር። በርሜሉን ሞርሳ ላይ ስትይዘው ቆዳ ወይም እንጨት አልብሰው፤ ብረት ለብረት አይንካ። ከመንካትህ በፊት ጥርሷና መቀመጫዋ ላይ አብራ የምታልፍ ቀጭን መስመር ትኖር እንደሆነ በአጉሊ መነጽር ፈልግ። ፋብሪካው ያስተካከለበት ቦታ ምልክት ናት። ካገኘሃት ግማሽ ሥራህ አለቀ፤ ካጣሃት ያለችበትን በእርሳስ አስምር። ከዚያ በነሐስ ዘንግ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርግ። የብረት መዶሻ በቀጥታ እንዳታሳርፍባት። እምቢ ካለችህ ተዋትና ዘይት ጨምረህ አሳድራት። እሳት እንዳታቀርብላት አደራ! ጥቁር ቀለሟ ይሄዳል፣ ብረቱም ይጎዳል።

አዲሷን የድሮ ማውዘር ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ግዛ። እኔ እዚህ ሠርቼ ልልክልህ ልቤ ይፈልጋል፤ ግን ያለ ፈቃድ አይሆንም። አዋጁ፣ 1177/2012፣ ጥገናውንም ይጨምራል። ከሚያስፈልግህ ረዘም ያለችውን ምረጥ። ረዥም ትሞረዳለች፤ አጭር አትረዝምም። ሰርጡ ውስጥ ከጠበቀች ታችዋን በስሱ ሞርዳት እንጂ ሰርጡን አትንካ፤ ጥርስ ይገኛል፣ በርሜል አይገኝም። ከገባች በኋላ ወደ ታች ብትመታ ጫፏን ሁለት ሦስቴ ብቻ ሞርደህ ተኩስ። እንደገና ሁለት ሦስቴ፣ እንደገና ተኩስ። ቀኑ ቢመሽ ይምሽ። ጥቂት ብቻ ወደ ታች ስትመታ አቁምና ሌላ ቀን ተመለስባት፤ የደከመ ዓይን ይዋሻል። በመጨረሻ ጎንና ጎኗን አሹለህ የድሮ ቅርጿን መልስላት። ፀሐይ ላይ የምታብረቀርቅ ከሆነ በኩራዝ ጥላሸት አጥቁራት፤ አባባ እንደዚያ ያደርጉ ነበር።

የተሞረደችውን አሮጌዋን አትጣላት። በፖስታ አድርገህ ከጠመንጃዋ ጋር አስቀምጣት።

ውጅግራ ደግሞ ልገዛ ነው ያልከውን አይቻለሁ። ስሟ ራሱ ፉዚ ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣች፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ። እሷ ሌላ ዓለም ናት።  እባክህ እሷን ምንም ሳትነካ ጻፍልኝና እንነጋገርባት።

ሞረዱ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ እጀታው ተሰንጥቋል። በሚመጣው ሰው ልልክልህ አስቤያለሁ። ካልፈለግከው ንገረኝ።

እስከዚያው አምስቱን ጥይት ተኩስና ሦስት ቁጥር ላክልኝ፦ የዒላማው ርቀት፣ በሁለቱ መመልከቻዎች መካከል ያለው ርቀት፣ የሳተችበት መጠንና አቅጣጫ። ሂሳቡን እኔ ሠርቼ በዚያው ቀን እመልስልሃለሁ።

ወንድምህ