ለአባባ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ እህቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብልዎት። በስልክ ልነግርዎ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን ገና ሳልጀምር «በይ ካርድሽ እንዳይቆጥር» ብለው ይዘጉታል።

የኦፕራሲዮኑ ቀን መቆረጡን ሰማሁ። ፕሮስቴት ዛሬ ቀላል ነው ይላሉ የሚያውቁ ሰዎች። እኔም ቀላል ነው እያልኩ ነው። ግን ስኳሩ አለ፣ ዕድሜውም አለ። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን የት ነው የምታስቀምጡት? ፍሪጁ ውስጥ ሞቆ እንዳይበላሽ፣ እማዬ ታደርገው እንደነበረው እንስራው አጠገብ ይሁን።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ዋና ጀምራለች። ትልቁ በቁመት አልፎኛል፤ ቁርጥ እርስዎን ነው፣ አፍንጫው ሳይቀር። አማርኛ ይሰማል፣ መመለስ ግን ያፍራል። ባለፈው ከትምህርት ቤት ተርቩረን ወሰዷቸው። ከብራሰልስ ወጣ ብሎ ያለ፣ የኮንጎ ዕቃ የሞላበት ትልቅ ሙዚየም ነው። ማታ መጥቶ «አያቴ ኮንጎ ዘምቶ የለ? ምን አየ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እርስዎ ስለ ኮንጎ የነገሩን ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ፣ ፏፏቴው ላይ እንጨት ተክለው በትልልቅ ቅርጫት ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች። ሌላው የስታንሊቪል ከተማ መንገድና መብራት።

ይሄ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ስለ አድዋ ጽፌ የተሸለምኩ ዕለት ያስታውሳሉ? የጦር ጓደኞችዎ ቤት ነበሩ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንብቢላቸው» አለችኝ። ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «አሸንፈን ምን አተረፍን? ስታንሊቪልን ብታዪ! ቤልጂጎች አስፋልቱን፣ መብራቱን፣ ሆስፒታሉን ሠርተውላቸው! እኛም ብንገዛ ኖሮ ይሄኔ ሰው ነበርን» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ወረቀቱን አጣጥፌ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን አሳይቼዎት አላውቅም።

ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን የምኖረው እዚሁ ቤልጂግ፣ አንትወርፕ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎት፣ እዚህ ያነበብኩት እንደዚያ ስለሆነ።)

ከ1885 እስከ 1908 ኮንጎ የአንድ ሰው የግል ንብረት ነበር፣ የቤልጂጉ ንጉሥ የሊዮፖልድ 2ኛ። ሰውየው ኮንጎን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም። እዚህ አንትወርፕ ወደብ ላይ ኤድመንድ ሞሬል የሚባል የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ የጭነት መዝገቡን አገላበጠ። ከኮንጎ የሚመጣው መርከብ ጎማና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይገባል። ሲመለስ የሚጭነው በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት ነው። ለዚያ ሁሉ ጎማ የሚከፈል ዕቃ የለም። ነገሩ ገባው። ሥራውን ትቶ ጉዱን ለዓለም አወጣው።

ጎማው ከጫካ ሐረግ ነበር የሚወጣው። መንደሩ ላይ ኮታ ይጣላል። ወንዶቹ ሞልተው እስኪመለሱ ሚስቶቻቸው ይታገታሉ። ያጎደለ በጉማሬ አለንጋ ይገረፋል። ወታደሩ ጥይት እንዳላባከነ የሚያስመሰክረው የተቆረጠ እጅ አምጥቶ ነው። በ1904 የተነሳ ፎቶ አለ። ንሳላ የሚባል አባት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የአምስት ዓመት ሴት ልጁ እጅና እግር ተቀምጧል። ከልጁ የተረፈለት እሱ ብቻ ነው። ካሜራውን አያይም። እሷን ነው የሚያየው።

ብራሰልስ ያለው ትልቁ ቅስት በዚያ ገንዘብ ነው የተሠራው። የተርቩረኑ ሙዚየምም እንደዚያው። በ1897 እዚያው ተርቩረን 267 ኮንጎዎችን አምጥተው ለሕዝብ ትርኢት አቅርበዋቸው ነበር። ሰባቱ ሞቱ፣ መቃብራቸው እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አለ።

በ1908 የቤልጂግ መንግሥት ኮንጎን ከንጉሡ ከተረከበው በኋላ የከፋው ነገር ቀነሰ። ሆስፒታልም ተሠራ፣ አልክድዎትም። ግን ባቡሩ የተዘረጋው በደቡብ ያለውን የካታንጋ ክፍለ ሀገር መዳብ ወደ ባሕር ለማውጣት ነው። ያዩት መብራት የነጮቹ ሰፈር መብራት ነው፤ ጥቁር ማታ እዚያ እንዳይገኝ ተከልክሎ ነበር። «የሠለጠነ» የሚል ወረቀት ለማግኘት የሚያመለክት ሰው ቤቱ ድረስ መጥተው አኗኗሩን ይመረምሩ ነበር።

ደግሞስ አባባ፣ ይህን እኔ ነኝ ለእርስዎ የምነግርዎት? ኮንጎዎች በ1960 ነፃነት በወጡበት ዕለት ከዚያ ሁሉ ጦር አንድ ጥቁር መኮንን አልነበረም። በአምስተኛው ቀን የጦሩ አዛዥ፣ ቤልጂጉ ጄኔራል ጃንሰንስ፣ ሰሌዳ ላይ «ከነፃነት በፊት = ከነፃነት በኋላ» ብሎ ጻፈላቸው። ጦሩ አመፀ፣ አገሩ ተናጋ። እርስዎ ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም ማስከበር በጠቅል ብርጌድ የተላኩት ለዚያ ነው። ያዘዝዎት መኮንን ግን ሐበሻ ነበር። አሸንፈን ያተረፍነው ከፊትዎ ቆሞ ነበር።

የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሉሙምባም ስታንሊቪል የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበር። በ1961 ካታንጋ ውስጥ የቤልጂግ መኮንኖች ባሉበት ተረሸነ። ከአካሉ የተረፈውን አንድ ጥርስ ቤልጂግ በ2022 ለልጆቹ መለሰች።

ሌሊት እየጮኹ ሲነቁ እማዬ «ኮንጎ ነው፣ ተኙ» ትለን ነበር። እንደምንሰማ ያውቁ ነበር? መንገድና መብራት ብቻ ያየ ሰው እንደዚያ አይጮኽም። እኛን በመንገዱና በመብራቱ ዝም አሰኙን እንጂ።

ያየኸውን ንገረን የሚል የልጅ ልጅ አለዎት አሁን። እህቴ ስልኳን ከፍታ ትቅዳዎት። እንዳመጣልዎት ያውሩ፣ ከፈለጉ ከዓሣ አጥማጆቹ ይጀምሩ። ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይሁን። በኋላማ ይደክምዎታል።

ለቀኑ ልደርስ ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ አልሆነም። ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ። የደብረ ዘይቱን ነገር ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ አሁን ማንም አያንሳብዎት። ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ የሆስፒታሉን ማስያዣ ያበቃል። አስፕሪኑን ስንት ቀን ቀድመው እንደሚያቆሙ እህቴ ዶክተሩን ትጠይቅ። በቃል ብቻ አይሁን፣ አጽፋ ፎቶውን ትላክልኝ።

ልጅዎ