ሎኪ ከመቼ ወዲህ ነው የቶር ወንድም የሆነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ለክረምት ዕረፍት የሚሆኑ የወጣቶች መጻሕፍትን ባስተዋወቃችሁበት ዘገባ፣ የሪክ ሪዮርዳንን የማግነስ ቼዝ ልቦለዶች ስትጠቁሙ «የቶር ወንድም ሎኪ» ብላችኋል። ቶርና ሎኪ የጥንት ሰሜን አውሮፓውያን ተረት አማልክት ናቸው፤ ሎኪ የቶር ወንድም የሆነው በማርቭል ፊልም ነው፣ ያውም በጉዲፈቻ። አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሰን በ13ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህን ተረቶች በጻፈበት ኤዳ በተባለው መጽሐፍ የሎኪ አባት ፋርባውቲ የሚባል ግዙፍ ነው። የግድ ዝምድና ይፈለግ ከተባለም፣ በጥንቱ ግጥም በደም የተማማለው ከቶር አባት ከኦዲን ጋር ነው።

«ተረት አይደል፣ ምን ያካብዳል?» ትሉ ይሆናል። የሚያካብደው የልቦለዱ ሴራ በዚሁ የዘር ሐረግ ላይ መሠራቱ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚያጠነጥነው በሎኪ ልጅ፣ በተኩላው ፌንሪርና በታሰረበት ገመድ ላይ ነው። በዓለም ፍጻሜ ከቶር ጋር የሚገዳደለው የባሕር እባብም የሎኪ ልጅ ነው። በእናንተ ስሌት እባቡ «አጎቴ» እያለ መርዙን ሊተፋበት ነው!

በዝርዝራችሁ «ዘ ሀመር ኦቭ ቶር» አንደኛ የተቀመጠውም ፊልሙ ስሙን ስላስለመዳችሁ ይመስለኛል። በ2016 የወጣ ሁለተኛ ክፍል ነው። የሚጀመረው በ2015ቱ «ዘ ሶርድ ኦቭ ሰመር» ነው፤ የሚዘጋው በ2017ቱ «ዘ ሺፕ ኦቭ ዘ ዴድ» ነው። ጀግናው ማግነስ ገና በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ አካባቢ ይገደላል፤ ከመሃል የጀመረ ልጅ፣ የሞተ ሰው ሆቴል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳይገባው መጽሐፉን ይመልሳል።

ዕድሜው ከ12 ዓመት ጀምሮ ቢሆን ይሻላል። አንደኛው ክፍል ወደ 500 ገጽ ይጠጋል፣ ግን ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። ስሞቹ እንዳያደናግሩ ከመጨረሻ ገጾች ያለው የቃላት መፍቻ አስቀድሞ ይታይ። ከሁለተኛው ክፍል በፊት ደግሞ የትሪምን ግጥም ንገሯቸው፦ የቶር መዶሻ ትሪም በሚባል ግዙፍ ተሰርቆ፣ ለማስመለስ ቶር ሙሽሪት መስሎ፣ ሎኪ ሚዜ ሆኖ የሄዱበትን። የልቦለዱ ሠርግ ከዚያ የተቀዳ ነው፤ ይህን ያልሰማ ልጅ ቀልዱ ያመልጠዋል።

ከገጸ ባሕርያቱስ ሂጃብ ለባሿ ሳሚራና በምልክት ቋንቋ የሚናገረው መስማት የተሳነው ሃርትስቶንስ የት ገቡ? ልጆችን ከመጽሐፉ ጋር የሚያጣብቁት እነሱ ሆነው ሳለ አንድ መስመር አላገኙም። መጽሐፍ ሻጭ ጠይቃችኋል፣ የፊልም ተንታኝ ጠይቃችኋል። የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛማ ምን ያውቃል? የቱ መጽሐፍ ተነቦ እንዳለቀ፣ የቱ ግማሽ ላይ እንደተመለሰ የምናየው እኛ ብቻ ነን።

እርማቱን ስታወጡ ከዘገባው ጋር ያወጣችሁትን የፊልሙን ቶር ተዋናይ ፎቶም አስወግዱልን። የጥንቶቹ ታሪኮች ቶርም ሆነ የሪዮርዳን ቶር ጢሙ ቀይ ነው።

የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣
አዲስ አበባ