ለሂሩት፣ ከሜልበርን

ይድረስ ለምወድሽ ለሂሩት፣

እንደምን ከረምሽ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ከብዶኛል። አባዬ ሲያርፍ የመኖሪያ ወረቀት እየጠበቅኩ ስለነበር ለቀብሩ አልደረስኩም። ከዚያ ወዲህ ለአገር ቤት ሰው መጻፍ አቃተኝ።

ዛሬ ብዕር ያስያዘኝ አንድ ሙዚቃ ነው። ደራሲው ፒተር ስካልቶርፕ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ታዝማኒያ ደሴት፣ ሎንሰስተን ከተማ የተወለደ አውስትራሊያዊ ነው። በልጅነቱ የራሱን ዜማ በመጻፉ የፒያኖ አስተማሪው ቢቀጡትም፣ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በባትሪ ብርሃን ይጽፍ ነበር። አንቺ ከእማማ ተደብቀሽ ልብ ወለድ ታነቢ እንደነበረው! በ16 ዓመቱ እዚህ ሜልበርን መጥቶ ሙዚቃ ተማረ። ከዚያ አገሩ ተመልሶ ከወንድሙ ጋር የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሲሸጥ ቆየ፤ በኋላ ለዶክትሬት ኦክስፎርድ ገባ።

እዚያ ሳለ አባቱ በጠና ታመሙ። ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ። እሱ ደረሰ፣ ሂሩትዬ። በ1961 ለአባቱ መታሰቢያ «ኢርካንዳ 4»ን ጻፈ። ቃሉ የአቦርጂኖች፣ የአውስትራሊያ ቀደምት ነዋሪዎች፣ ነው፤ ሩቅና ጭር ያለ ስፍራ ማለት ነው። አንዲት ቫዮሊን ብቻዋን ታንጎራጉራለች፣ ሌሎቹ ባለ አውታሮች ከሥሯ ይከተሏታል፤ አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው እንደሚቀበላት። ይህን የምለው እኔ ነኝ እንጂ እሱ የእኛን ለቅሶ አስቦ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁትና አባዬን ያን ቀን አለቀስኩት።

የአገሩ ፀሐይና ወና ምድር በአውሮፓ ዜማ ብቻ አይነገርም ብሎ ያምን ስለነበር ከኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ጋሜላን ከሚባለው የነሐስ መሣሪያዎች ሙዚቃ፣ ከጃፓን የቤተ መንግሥት ሙዚቃ፣ ኋላም ከአቦርጂኖች ዜማና ዲጀሪዱ ከሚባለው ረጅም የእንጨት መለከታቸው ተማረ። እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ በ2005 ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የጻፈው 16ኛው ኳርቴት ነው። መነሻው እዚሁ አገር በማቆያ ጣቢያ የተዘጋባቸው ጥገኝነት ጠያቂዎች የጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። የመጀመሪያው ክፍል «ብቸኝነት» ይባላል። እኔ እዚያ አልታሰርኩም፤ ወረቀት መጠበቅን ግን አውቀዋለሁ።

ስካልቶርፕ በ2014 ሲድኒ ውስጥ በ85 ዓመቱ አረፈ።

አንቺ አባዬ ለቅሶ ላይ ነበርሽ። ማን ሙሾ አወረደለት? ምን እያለች? ግጥሙን የምታስታውሺውን ያህል ጻፊልኝ። እማማን ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው፣
ሰብለ