ዶርዜን በአንድ ሰዓት?

ስለ አርባ ምንጭ ጉዞ ያወጣችሁት ጽሑፍ የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክን፣ የእግዜር ድልድይንና የጫሞን አዞዎች ጥሩ አድርጎ አስጎብኝቷል። ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ ያለው የዶርዜ መንደር ግን በሁለት መስመር ታለፈ፤ እሷም «ለፎቶ የሚመች» የምትል ናት። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

ዶርዜ የፎቶ ጀርባ አይደለም። የቀርከሃውን ቤት ብቻ እንውሰድ። ሲሠራ ረጅም ነው። ከዚያ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ዓመት በዓመት ያጥራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ይወስዱታል። ይህን የሚነግር ሰው ሳያገኝ የሚመለስ ጎብኚ ምን አየ ይባላል? ቆጮው ከእንሰት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሴቶቹ የፈተሉትን ወንዶቹ እንዴት እንደሚሸምኑት ለማየትም አንድ ሰዓት አይበቃም። እኔ ራሴ በመጀመሪያ ጉዞዬ ሮጥ ብዬ ነው የወጣሁት፤ ጋቢ እንኳ አልገዛሁም።

ሌላው የልጆቹ ነገር ነው። ወደ ተራራው በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና ሲያዩ እየጨፈሩ ይወጣሉ። በመስኮት ብር የሚወረውር ሰው ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ልጁን ግን መኪና ፊት እያቆመው ነው።

ስለዚህ በመንደሩ መግቢያ የጉብኝትና የፎቶ ዋጋ በአማርኛና በጋሞኛ ተጽፎ ይለጠፍ። ለልጆች የሚሰጠው ብርም በመንገድ ላይ መሆኑ ቀርቶ ነዋሪዎች በመረጡት ኮሚቴ በኩል ለትምህርት ቤቱ ይግባ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ