የእንጨት ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አሮጌ ጠረጴዛ ማደስ

ክበባችን በዚህ ዓመት የያዘው ዕቅድ አንድ ነበር፤ አባላቱ በየቤታቸው ያለውን አሮጌ የጽሕፈት ጠረጴዛ ራሳቸው አድሰው እንዲጠቀሙበት ማብቃት። ሁሉም የሚቸኩለው ወደ ቫርኒሹ ነው። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሰጠነው ለመጋጠሚያው ነው፤ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ታድሷል አይባልም።

ሥራው የተጀመረው በምርመራ ነው። ጠረጴዛው በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ጎን ሲገፋ የትኛው እግር እግሮቹን ከሚያያይዘው አግዳሚ እንደላላ ወዲያው ይታያል። ከዚያ መሳቢያዎቹ ወጥተው ይገለበጣል። በጥቃቅን ቀዳዳዎች ዙሪያ ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ካለ ነቀዙ ገና እየበላ ነውና መድኃኒት ይቅደም። ከመፍታታችን በፊት እያንዳንዱ ክፍልና የሚገባበት ቦታ በእርሳስ ተመሳሳይ ምልክት ይደረግበታል። አራቱ እግሮች ቢመሳሰሉም በእጅ የተሠራ ምላስ፣ ማለትም ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ጫፍ፣ ከሌላ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም።

በላላ መጋጠሚያ ላይ አዲስ ኮላ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ግን አይዝም። ኮላ የሚይዘው እንጨቱ ውስጥ ሲሰርግ ሲሆን፣ የደረቀው አሮጌ ኮላ ደግሞ መግቢያውን ደፍኖታል። ስለዚህ መጋጠሚያው ተላቅቆ ይጸዳል። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የተሠራው የጥንት ኮላ ሙቅ ውኃ በነካ ጨርቅ ይለሰልሳል። ነጩ ኮላ በመሮ ይፋቃል፤ እዚህ ላይ እንጨቱ ራሱ እንዳይላጥ እጅ መቆጠብ አለበት፤ ምላሱ ከቀጠነ መጋጠሚያው ተመልሶ ይላላል። በሁለቱም ፊት ስስ ኮላ ተቀብቶ በሞርሴቶ (እንጨት አጣብቆ በሚይዝ መሣሪያ) ሲጠብቅ በጠርዙ ዙሪያ ኮላው እንደ ዶቃ ተደርድሮ ብቅ ካለ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኮላውን ጨምቆ ያስወጣና መጋጠሚያውን ባዶ ያስቀረዋል። ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ይለካል፤ ልኩ ከተለያየ ጠረጴዛው ተጣሟል፣ ሞርሴቶው ቦታ ተለውጦ ይስተካከላል። እስከ 24 ሰዓት ምንም አይጫንበትም።

የገጹ ጣውላ ለምን እንደሚሰነጠቅ ብዙ ተወያይተናል። ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ከአግዳሚው ጋር በኮላ ከተጣበቀ ወይም በጠባብ ቀዳዳ በብሎን ከታሰረ መላወሻ ያጣና ይሰነጠቃል። መፍትሔው የአግዳሚውን የብሎን ቀዳዳ በጣውላው ወርድ አቅጣጫ ማስረዘም ነው።

ተጨፍልቆ የጎደጎደ ቦታ ስቱኮ አያስፈልገውም። እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በጋለ ካውያ ለጥቂት ሰከንድ ሲነካ እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን እንጨት ያነሣዋል። እንጨቱ ተቆርጦ ከሆነ ግን አይነሣም።

የብርጭቆ ወረቀት ሲባል ቁጥሩ ወሳኝ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ 80፣ 120፣ 180፣ በመጨረሻም 220፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ። ከ80 ወደ 220 የዘለለ ሰው ጭረቱን የሚያየው ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከመጀመሪያ መጀመር ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈግም።

ቫርኒሹ አይናጥም፣ በቀስታ ይማሰላል፤ ከተናጠ አረፋው ገጹ ላይ ይደርቃል። ዘይት ነክ ከሆነ የመጀመሪያው ቅብ 10 በመቶ ያህል አኳራጅ (ማቅጠኛ ፈሳሽ) ተጨምሮበት ይቀጥናል፣ እንጨቱ እንዲጠጣው። ቀጣዮቹ ሁለት ቅቦች በ24 ሰዓት ልዩነት፣ በመካከላቸው በ320 ቁጥር ወረቀት ቀለል ተደርጎ እየተፈገፈገ። የገጹ የታችኛው ፊትም ይቀባል፤ አንድ ፊቱ ብቻ እርጥበት የሚጠጣ ጣውላ ይጎብጣል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ተዘርግቶ ይደርቃል ወይም ውኃ ውስጥ ይነከራል። አባላቱ ይህን ያለ ማሳሰቢያ ማድረግ መልመዳቸው ከዓመቱ ሥራ ሁሉ የምኮራበት ነው።

የሚነክስ መሳቢያ ሐዲዱ በሻማ ሲታሽ ይንሸራተታል።

ስስ ልባጥ፣ ማለትም ከላይ የተለጠፈ ቀጭን የእንጨት ንጣፍ፣ ያላቸው ጠረጴዛዎች ለመጪው ዓመት ተላልፈዋል። ልባጡ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር በታች ስለሆነ 80 ቁጥር ወረቀት በአጭር ጊዜ ይበሳዋል፤ የሚሠራው ከ180 ጀምሮ፣ በእጅ ብቻ ነው። ልባጥ ያለው ጠረጴዛ በቤቱ ያለ አባል እስከዚያ ድረስ የተነሣውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ይዞ ያቆየው፤ የተሰበረች ቁራጭም ካለች አትጣል።