ስለ እኛ ሲጠና እኛንም አማክሩን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ኦቲዝም ያለብኝ አንባቢ ነኝ። ስለ ኦቲዝም የተጻፉ ጥናቶችን ሳነብ አንድ ነገር ያንገበግበኛል፤ ብዙውን ጊዜ እኛ የምንታየው መልስ ሰጪ ሆነን ብቻ ነው። ጥያቄውንስ ማን አወጣው? ለዓመታት «የሌላውን ስሜት አይረዱም» ተብለናል። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ራሱ ኦቲዝም ያለበት የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ዴሚየን ሚልተን ነገሩን ገለበጠው፤ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ መረጃ ሲቀባበሉ ከሌሎች እንደማያንሱ አሳየ።

ተመራማሪዎች ሆይ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ አስተያየት አትጠይቁን። ገና ርዕሱ ሲመረጥ አማክሩን፤ ለጊዜያችንም ክፈሉን። በንግግር መግባባት ለሚከብዳቸው ደግሞ በጽሑፍ ወይም በሥዕል የሚመልሱበት መንገድ ይዘጋጅላቸው።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ